አባቴ ዓሣ የሚያጠምድባቸው ቅዳሜዎች

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ሆስፒታል የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ አንዲት ባልደረባዬ ዝናብ ያበሰበሰውን ካፖርቷን አውልቃ ማሞቂያው ላይ ስትዘረጋው፣ የረጋ ውሃና የእርጥብ ሣር ሽታ ክፍሉን ሞላው። ለአፍታ ያህል ሄግ መሆኔን ረስቼ፣ በሌላዋ የሆላንድ ከተማ በቭላርዲንገን ዳር ባለው ሐይቅ አጠገብ፣ አባቴ ጎን ተቀምጬ ክሩ እስኪንቀጠቀጥ የምጠብቅ ልጅ ሆንኩ።

ሐይቁ ሰው የቆፈረው ነበር፤ ከኋላው አውራ ጎዳናው ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ከዛፎቹ በላይ የወደቡ ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። አባቴ ግን ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ስለሆነ ውሃ ካየ ሌላው ነገር አይታየውም ነበር። በስደት መጥቶ የመኖሪያ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ያገኘው ሥራ ወደቡ አጠገብ ባለ የፍራፍሬ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ነበርና፣ ሌሊቱን ሙሉ በብርድ የሙዝ ሣጥን ሲያወርድ ያድር ነበር። እናቴ ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ ዲንስት አለባት። የሥራ ተራን በሆላንድኛው «ዲንስት» ከማለት ሌላ ስም በቤታችን አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ሲገባ እናቴ ትወጣለች፤ በሩ ላይ ይተላለፋሉ፣ እሷ ቁርሴን የት እንዳስቀመጠች ትነግረዋለች፣ እሱም ጓንቱን ሳያወልቅ «እንዴት አደርሽ» ይላታል።

ከዚያ በኋላ መተኛት ነበረበት። እሱ ግን ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ፣ የማጥመጃ ዘንጎቹን ብስክሌቱ ላይ አስሮ፣ እኔን ከኋላ ጭኖ ወደ ሐይቁ ይወስደኝ ነበር። ልጄ ቅዳሜዋን ቴሌቪዥን ፊት ተጎልታ አታሳልፍም ይል ነበር።

በበጋ ጠዋት ውሃው እንደ መስተዋት ጸጥ ይል ነበር። የምናጠምደው ሆላንዳውያን ባርስ የሚሉትን፣ ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች የወረዱበትን፣ ክንፎቹ የቀሉትን፣ አፉ ለሰውነቱ የማይመጥን ሰፊ የሆነውን ዓሣ ነበር። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብለው አንድ ጡረተኛ ሆላንዳዊ ሽማግሌ በየሳምንቱ ይቀመጡ ነበር። ዓሣውን ከያዙ በኋላ እጃቸውን አርሰው፣ መንጠቆውን በቀስታ ነቅለው፣ መልሰው ይለቁታል። አባቴ መጀመሪያ ያየ ቀን ግራ ገብቶት፣ ሊለቁት ከሆነ ለምን ይይዙታል ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ተርጉሜ ብጠይቃቸው ትከሻቸውን ሰበቅ አድርገው እዚህ ሐይቅ ደንቡ እንደዚያ ነው አሉ። እኔ በሆላንድኛ «አንተ» እያልኩ ሳናግራቸው አባቴ ጆሮው ቀጥ ይልና፣ ትልቅ ሰው በማንኛውም ቋንቋ «እርስዎ» ነው የሚባለው እያለ ይቆጣኝ ነበር።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር መጋዘኑ ሥራ በዛበት፤ አባቴም የዕረፍቱን ሌሊት ጭምር መግባት ጀመረ። ብስክሌቱ ላይ ሆኜ ጀርባውን ሳቅፈው የመጋዘኑ ብርድ ገና ከልብሱ አልወጣም ነበር። ወሬ ቀነሰ፤ የጠየቅሁትን ረስቶ መልሶ ምን አልሽ ይለኝ ነበር። ቤት እንቅር ስለው ደግሞ አሻፈረኝ ይላል።

ከእነዚያ ጠዋቶች በአንዱ የአባቴ ዘንግ ድንገት ጎበጠ። ዓሣው ከባድ ነበር። አባቴ ጥቂት ታገለው፤ ከዚያ «ያዢልኝ» ብሎ ዘንጉን ሰጠኝ። ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም። እየጠቀለልኩ፣ እያላላሁ፣ እግሬ ጭቃው ውስጥ እየሰጠመ ዳር አወጣሁት፤ በሕይወቴ ካየሁት ባርስ ሁሉ ትልቁ ነበር። በሁለት እጄ ይዤ ላሳየው ብዞር አባቴ ሣሩ ላይ ወድቋል። ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት። አልመለሰም። ሞቷል ብዬ አሰብኩ።

ሽማግሌው ሮጠው መጥተው ተንበረከኩ፣ አንገቱን ዳሰሱ፣ ጆሯቸውን ወደ አፉ አስጠጉ። ከዚያ ቀና ብለው «ተኝቷል» አሉኝ። «ተይው፣ ይተኛ።»

ዓሣውን የለቀቅሁት ብቻዬን ነው፤ አባቴ አላየውም። ሽማግሌው ወንበራቸውን አምጥተው፣ ዳቧቸውን ከሁለት ቆርሰው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅም አልተነሱም። አባቴ ሲነቃ መጀመሪያ እኔን ፈለገ፣ ቀጥሎ ሽማግሌውን አየና አፈረ። መንገድ ላይ ብስክሌቱን እየገፋ፣ ለእናትሽ አትንገሪያት አለኝ። እሺ አልኩት።

ቤት ስንደርስ እናቴ ከሥራ ተመልሳ፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። የት እንደቆየን ስትጠይቅ እኔ አቀረቀርኩ። አባቴ ዘንጎቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

«ደክሞኛል» አላት። «ሌሊት መሥራት ከእንግዲህ አልችልም።»

እናቴ ደረጃውን ወርዳ አጠገቡ ቆመች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

«እኔም» አለች። ከዚያ ዝቅ ብላ፣ ጭቃ የያዘውን ጫማውን እየሳበች ታወልቅለት ጀመር።

ያን ክረምት የቤተሰብ ሐኪማችን ከሥራ እንዲያርፍ ስላዘዘችው አባቴ ቤት መዋል ጀመረ። ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ ያዘ፤ እሱ ግን አንድም ቀን ስሙን አላነሳም። ብዙ ይተኛ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን በቀስታ እንድዘጋ እናቴ አስተምራኝ ነበር። ጸደይ ሲገባ ሄግ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ቀን ቀን የሚሠራ የጽዳት ሥራ አገኘና ወደ ትራንስቫል ሰፈር ተዛወርን። ሐይቁ ራቀን። ሽማግሌውን ተመልሶ ሊያመሰግናቸው ያስብ ነበር፤ ሲሄድ ግን አላገኛቸውም።

አሁን አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ የሌሊት ተራው የእኔ ሆኗል። ቅዳሜ ጠዋት ከሆስፒታል ስወጣ ወደ ቤቴ ሳልሄድ በትራም ወላጆቼ ቤት እደርሳለሁ፤ እናቴ ቁርስ ታቀርባለች፣ አባቴ አጠገቤ ይቀመጣል። እሱ ያኔ ለእኔ ሲል እንቅልፉን የገፋውን ያህል እኔም ነቅቼ ላጫውተው እሞክራለሁ። ገና አንድ ሁለት ነገር ሳወራው ዓይኔ ይከደናል። አባቴ አይቀሰቅሰኝም፤ ወሬዬን ከየት እንዳቆምኩ ግን ያስታውሳል።