ከአዲስ ዓለም የመጣ መረቅ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቶንሲሉን በኦፕራሲዮን አስወጣ። ቤታችን በጠያቂ ተጨናንቋል፤ አንዱ አይስክሬም ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ጭማቂ። ልጁም ትራሱን ተደግፎ የሚፈልገውን በጣቱ ያዛል። አልቀናሁም ብል ውሸት ነው። እኔ በእሱ ዕድሜ ያስወጣሁ ጊዜ አጠገቤ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ወሩ ሐምሌ። ክረምት በገባ ቁጥር ጉሮሮዬ እያበጠ ትኩሳት ይጥለኝ ነበር። የምንኖርባት የአይከል ከተማ ጎረቤት ሁሉ «እንጥሏን አስቆርጣት» ቢለውም፣ ጨርቅ ነጋዴው አባቴ እምቢ ብሎ ጎንደር ሆስፒታል አመጣኝ። ኦፕራሲዮኑ በሰላም ማለቁን ካየ በኋላ፣ እናቴ አራስ ስለነበረች፣ «እሷን አይቻት ከነገ ወዲያ እመጣለሁ፤ አይዞሽ ዘሀራዬ» ብሎኝ ሄደ። በነጋታው ወታደሮች የአይከልን መንገድ ዘጉት። በዚያ በኩል ውጊያ አለ ሲባል አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ። የት ጋ ነው ብዬ ልጠይቅ አልችልም፤ ሐኪሙ ቃል እንዳልተነፍስ ከልክሎኛል፣ ብሞክርም ድምፅ የለኝም።

ብቸኝነት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በመጠየቂያ ሰዓት ሰሃንና ፔርሙዝ ያንጠለጠለው ሁሉ ወደየዘመዱ ሲበተን፣ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የሆስፒታሉ እንጀራ ለጉሮሮዬ አይሆንም፤ የቀዘቀዘ ሻይ ብቻ እጠጣ ነበር።

ጎኔ ያለው አልጋ ላይ እግሯ የተሰበረ ሴት ተኝታለች። የሚያስታምሟት እናቷ፣ የማክሰኝቷ እማማ ባንቺይርጋ፣ ብቸኝነቴን አይተው የሥጋ መረቅ በሰሃን ቀድተው አቀረቡልኝ። አማተቡበት። የነጭ ሽንኩርቱና የኮረሪማው ሽታ አፌን ውኃ ሞላው። ግን የክርስቲያን ሥጋ እንደማልበላ ማን ይንገርልኝ? ጥርሴን ነክሼ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ምነው ልጄ? እጄ ቀፈፈሽ?» አሉ። ቅር እንዳላቸው ከፊታቸው አየሁ። መዳፌ ላይ በጣቴ ብጽፍላቸው «እኔ መች ፊደል አውቄ!» ብለው ሰሃኑን ከደኑት።

በማግስቱም አቀረቡ፣ እኔም እምቢ አልኩ። እንደዚያ መራቤ ሳያንስ ደግ ሰው ማስቀየሜ አንገበገበኝ። ነርሷ «እህል ካልቀመሰች ልትወድቅብን ነው» እያለች አለፈች።

ያን ቀን ከሰዓት እማማ አንገቴ ላይ የተጠመጠመውን እርጥብ ፎጣ ሊቀይሩልኝ ፈቱት። እጃቸው ቀጥ አለ።

«ማተብሽስ?»

ባዶ አንገቴን በእጄ ሸፈንኩ።

«እስላም ነሽ እንዴ፣ ልጄ?»

ራሴን ወደ ታች ነቀነቅሁ፤ እንባዬም አብሮ ወረደ።

«እኔን ይድፋኝ! አንቺ በረሃብ ስትሞቺ እኔ የክርስቲያን ሥጋ ላቅርብልሽ!» አሉና ነጠላቸውን ተከናንበው በዚያ ዝናብ ወጡ።

ሰዓት እላፊው ሊደርስ ሲል ነው የተመለሱት። ከራስ እስከ እግራቸው በስብሰዋል። ጉያቸው ውስጥ የማላውቀው ክዳን ያለው ሰሃን ይዘዋል።

«አዲስ ዓለም ወርጄ ነው። የእስላም ሰፈር አይደል? ያገኘሁትን በር አንኳኳሁ። አባቷ የራቀባት የእናንተ ልጅ አለችኝ ብላቸው ከምድጃው ላይ አንስተው ሰጡኝ፤ ሸጋ ሰዎች ናቸው። ያንቺው ሥጋ ነው፣ በይ ጠጪ።»

አላማተቡም። ሰሃኑን ይዘው ጠበቁኝ። ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሼ ቢስሚላሂ አልኩና ጠጣሁ። ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። እሳቸው ራሴን ደግፈው እስከ መጨረሻው አጠጡኝ።

በማግስቱ ልጃቸው እግሯ በጀሶ ታስሮ ወጣች። እማማ ግንባሬን ስመው «አባትሽን በሰላም ያምጣልሽ» ሲሉኝ እጃቸውን ይዤ አልለቅ አልኩ። የምላቸው ነበረኝ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። መንገዱ ተከፍቶ አባቴ ሲደርስ መጀመሪያ ያወጣሁት ቃል የእሳቸው ስም ነው። አባቴ ማክሰኝት ገበያ ድረስ ሄዶ ጠይቆ ነበር፤ የሚያውቃቸው አላገኘም።

ትናንት ማታ ጠያቂው ሁሉ ሲሄድ የልጅ ልጄ መረቅ አሰኘው። ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠግቼ «ቢስሚላሂ በል» አልኩት። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ይሄኔ አላስቻለኝም።

«አላህ ይስጥልኝ፣ እማማ ባንቺይርጋ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ልጁ ማን መጣ ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ማንም አልነበረም።