ጧፍ፣ ጥላ፣ መጋረጃ

እናቴ የምትሠራው ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ከሥራ ስትወጣ በሚኒባስ ወደ ደሴ ትመለሳለች። የዚያን ቀን ሰፈራችንን ሆጤን ጉም ሸፍኖት፣ የመምጫዋ ሰዓት አልፎ፣ ስልኳ ዝግ ነበር። መንገዱ ደግሞ ጠመዝማዛ ነው።

መቀመጥ አቃተኝ። ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር እያልኩ ስለት መሳል ጀመርኩ። "እመቤቴ፣ በሰላም ካመጣሽልኝ ጧፍ አስገባለሁ።" ደወልኩ፤ ዝግ ነው። "እሺ፣ ጥላ!" አሁንም ዝግ። "የመቅደስ መጋረጃ!" ከዚያ የምጨምረው አጣሁ። እኔ እኮ ተማሪ ነኝ፤ የጧፍ መግዣ እንኳ የለኝም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ "ጌታዬ፣ ባዶ እጄን ነኝ፤ ዝም ብለህ አምጣልኝ" አልኩ።

በሩ ሲንኳኳ ዘልዬ አቀፍኳት። ሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶበት፣ የእሷም ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ስለቴን ስነግራት በሳቅ ፈረሰች።

"መጋረጃ? በምንሽ ነው አንቺ ልጅ?"

"በእግዜር!"

"እንግዲያውስ ከጧፉ እንጀምር" አለችና እሁድ ጠዋት ገዝታ አስያዘችኝ። የተሳልኩትን ጧፍ ያመጣችልኝ ያው የተሳልኩላት እናቴ ናት! እንደ ባለጸጋ ቀጥ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ጥላውና መጋረጃው ግን እስካሁን ዕረፍት ይነሱኛል፤ መግዣቸውንም ያንኑ ጌታ እየለመንኩት ነው።