ጩኸት የሌለው ማንቂያ

ስልኬን ላሠራ ጥገና ቤት ስገባ አንድ ጎልማሳ ከጠረጴዛው ፊት ወዲያና ወዲህ ይላል። ሸሚዙ በወጉ ተተኩሷል፤ ካልሲው ግን አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ ነው። ጠረጴዛው ላይ ራሱ የገጣጠማት፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ማይክሮኮንትሮለር በሚሉት ትንሽዬ ኮምፒውተር የምትሠራ ማንቂያ ተቀምጣለች፤ ሁለት ዓይን የመሰለ ሴንሰር ተሰክቶባታል። ሰው ሲጠጋት ትጮኻለች። በጮኸች ቁጥር ሰውዬው ደንገጥ ይልና "ይቅርታ!" ይላታል። እኔና ስልክ ሠሪው ስንስቅ እሱም አብሮን ይስቃል።

"ጋሼ፣ ይቺን የሰማ ሌባ እኮ እግሬ አውጪኝ ነው የሚለው!" አለው ስልክ ሠሪው።

"ጩኸቱን አንሳልኝ" አለና ከኪሱ ስልክ የሚያንቀጠቅጠውን ትንሽ ሞተር አወጣ። "በዚህ ተካልኝ። ትራሴ ሥር አደርገዋለሁ።"

"ካልጮኸ ሌባው በምን ይደነግጣል?"

"የምን ሌባ? እናቴ ናት ሌሊት ብድግ ብላ የምትወጣው። ከወጣች መመለሻው ይጠፋታል። ከጮኸባት ደግሞ በገዛ ቤቷ ዘበኛ የቆመባት ይመስላታል።"

ሠሪው የምትጮኽበትን ነቅሎ ሞተሩን በቦታው በየደው። ሰውዬው ሞተሩን በመዳፉ ጨብጦ ወደ ሴንሰሩ ተጠጋ። መዳፉ ውስጥ ሲንቀጠቀጥበት፣ ሳያስበው ከአፉ አመለጠው።

"አቤት፣ እማዬ!"