ሃሪኬኑ ያመጣቸው አራት እንግዶች

ታላቅ ወንድሜ ፍሎሪዳ ውስጥ በባሕር ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ሃሪኬን የሚሉት ከባድ አውሎ ነፋስ ከገባበት ቀን ጀምሮ ስልኩ አልሠራም። እኔ ከሱ ሩቅ፣ በስተሰሜን በረዶ ባለበት አፕል ቫሊ ሆኜ ሁለት ቀን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ አፈጠጥኩ። ጣሪያቸው የተገነጠለ ቤቶች፣ አስፋልት ላይ የተጋደሙ ጀልባዎች ሲያሳዩ በየምስሉ የሱን ቤት እፈልጋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የምነዳውን የተማሪዎች ባስ አቁሜ ስወርድ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«እኔ ነኝ። ደህና ነን። ቤቱ ግን የለም።»

«ጋሼ፣ የለም ማለት?»

«የለም ማለት የለም። ወዳንቺ እየመጣን ነው፤ ቴነሲ ደርሰናል። አራት ነን።»

እሱ፣ ሚስቱና ልጁ ሦስት ናቸው። አራተኛው ማን እንደሆነ ሳልጠይቀው መስመሩ ተቋረጠ። ፓርኪንጉ መሃል እያለቀስኩ ስስቅ የሥራ ባልደረቦቼ ከበቡኝ።

ያን ቀን ቤቴ የሠርግ ቤት መሰለ። ባለቤቴ ሥጋ ሊገዛ ሌክ ስትሪት ሄደ። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ የምትኖር የቤተ ክርስቲያን እህታችን ፍራሽና የክረምት ጃኬት በመኪናዋ ጭና መጣች፤ የፍሎሪዳ ሰው ጃኬት የለውማ። ልጄ ደግሞ «ማም፣ ሁ ኢዝ ነምበር ፎር?» እያለች አራተኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ ትከተለኛለች። እኔስ ምን አውቄ!

በማግስቱ ከሰዓት መኪናቸው በራችን ላይ ቆመ። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ አንዱ በር በገመድ ታስሯል። ወንድሜን አንገቱን አንቄ አልለቅም አልኩ። ሚስቱና ልጁ ወረዱ። ቀጥሎ የወንድሜን ሱሪ ጠቅልለው የለበሱ አንዲት ነጭ አሮጊት ከኋላ ወንበር ወጡ።

«ጎረቤቴ ናቸው» አለ ወንድሜ። «ሰባት ዓመት ስንኖር ስለ መኪና ማቆሚያ ካልሆነ አነጋግረውኝ አያውቁም።»

ሃሪኬኑ በገባ ዕለት ውሃው ደረት ሲደርስ ቤተሰቡን ኮርኒስ ላይ አወጣ። ከዚያ ሴትየዋ መስኮት ሲደበድቡ ሰማ። ሚስቱ «አትሂድ» ብላ ለመነችው። ወገቡን በገመድ አሰረና ጫፉን አስይዟት ወጣ፤ አሮጊቷን አዝሎ፣ አጥር እየያዘ ተመለሰ። ነፋሱ የጣሪያውን ግማሽ ሲወስድ አራቱም በቀረው ግማሽ ሥር ተቃቅፈው ቆዩ። ውሃው ሲሸሽ ከኮርኒሱ ወርደው እንደወጡ የሁለቱም ቤት ግድግዳ አብሮት ሄደ፤ የተረፈው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ የነበረው መኪናው ብቻ ነበር።

«መጠለያ ላድርስዎት ስላቸው፣ ‹አንተስ የት ትሄዳለህ?› አሉኝ። ‹እህቴ ጋ› አልኳቸው። መኪናው ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ» አለን ወንድሜ።

አሮጊቷ የገዛ ልጃቸው መጥቶ እስኪወስዳቸው አምስት ሳምንት እኛ ጋ ተቀመጡ። የመጀመሪያው በረዶ የወረደ ዕለት በሰው ጃኬት ግቢያችን ውስጥ ቆመው፣ በሰማንያ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በረዶ በእጃቸው ያዙ። ወንድሜ ክንዳቸውን ደግፎ፣ እንዳይወድቁ በየእርምጃው ያስጠነቅቃቸው ነበር።