ያለ ፎቶ የተለቀቀው ባስ

ከዋይትሆል መነሻ

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከምኖርበት ከዋይትሆል ተነሥቼ ከኮሎምበስ ከተማ በስተሰሜን ወደሚገኘው ሁቨር የተባለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ የሄድኩት አንድ ዓሣ ለመያዝና ፎቶውን ለመላክ ነበር። ዓሣ አልወድም፤ ሐይቅም አልወድም። ዓላማዬን ገና ከመነሻው የማስቀምጠው፣ አንባቢ ከእኔ የተፈጥሮን ውበት እንዳይጠብቅ ነው።

ፎቶውን የምትጠብቀው ልጄ ሶልያና ናት። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው፤ የምትኖረው ከአባቷ ጋር ቤክስሊ ነው። እኔና አባቷ ስንለያይ ቅዳሜ የእኔ ቀን እንዲሆን ተስማምተን ነበር። ብርዱ ከገባ ጀምሮ ግን፣ አፓርትመንቴ ውስጥ የሚሠራ ነገር የለም በማለት መምጣቷን አቆመች። አልተከራከርኳትም፤ እውነቷን ነው። አፓርትመንቴ ውስጥ ያለነው መጻሕፍትና እኔ ብቻ ነን።

ሶልያና በትምህርት ቤቷ የባስ አጥማጆች ቡድን አባል ናት። ባስ በዚህ አገር ሰዎች ከሚበሉት ይልቅ ለውድድር ይዘው፣ መዝነው፣ መልሰው የሚለቁት አፈ ሰፊ አረንጓዴ ዓሣ ነው። በሚያዝያ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ምሳ ስንበላ፣ አንድ ቅዳሜ ዓሣ ለማጥመድ አብረን እንሂድ አልኳት። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፤ እርሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

“አንቺ? ሱቅ ውስጥ በዓሣው በኩል ስናልፍ ትንፋሽሽን የምትይዢው?”

“እማራለሁ።”

“ከመጽሐፍ?” ብላ ሳቀች። “እሺ። አንድ ባስ ያዢና ፎቶ ላኪልኝ። ከዚያ ቅዳሜ እመጣለሁ።”

በዚያ ምሳ ላይ አውራ ጣቷ በአሸዋ ወረቀት የተፈገፈገ ያህል ተጭሮ አየሁ። ምን ሆነሽ ነው ብላት እጇን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች። ከልቧ የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እርሱም የቡድኗ አንድ ልጅ ዓሣ ደረቅ ጣውላ ላይ አጋድሞ ፎቶ ማንሣቱን ስትነግረኝ ነው። የዓሣው ቆዳ በልጋግ የተሸፈነ ነው፤ ደረቅ ነገር ሲነካው ልጋጉ ይላጣል። ዓሣው ዋኝቶ ይሄዳል፤ የሚሞተው በኋላ፣ ማንም ሳያየው ነው። “ለፎቶ ብሎ” አለች፣ ሹካዋን አስቀምጣ።

እኔ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምር ነበር፤ ዶክትሬቴም በዚያው ነው። እዚህ ለአንድ ሆስፒታል የክፍያ ኮዶችን እፈትሻለሁ። ሁለቱም ሥራዎች ያለ ማስረጃ ምንም ነገር እንዳላምን አስተምረውኛል። ልጄ ፎቶ ስትጠይቀኝ ይህን ጠባይ ከማን እንደወረሰችው ስለማውቅ አልተቀየምኩም። ሳምንታት አነበብኩ፤ ቪዲዮ ተመለከትኩ፤ የማጥመጃ ፈቃዴን በኢንተርኔት ገዛሁ።

ሰንበሪ መንገድ

270 አውራ ጎዳና ቅዳሜ ማለዳ ባዶ ነው። በአየር ማረፊያው አካባቢ የሌሊት ሥራ ጨርሰው የሚመለሱ መኪኖች ብቻ ነበሩ። በ161 ቁጥር መንገድ በኩል ወርጄ ወደ ሰንበሪ መንገድ ታጠፍኩ። መንገዱ ብሌንደን ታውንሺፕ በተባለው ሰፈር አድርጎ ወደ ሰሜን ይዘልቃል፤ መጀመሪያ አፓርትመንቶች፣ ቀጥሎ ሣራቸው በልክ የተከረከመ ቤቶች፣ ከዚያ በኋላ ዛፍ ብቻ ነው። ከዛፎቹ የሚረግፍ ጥጥ የመሰለ ብናኝ መስታወቴ ላይ እያረፈ ይበር ነበር።

በመንገዱ ዳር ማልዶ የሚከፍት አነስተኛ የማጥመጃ ዕቃ ሱቅ አለ። ሕያው ትል በባለ ክዳን ብልቃጥ ተሞልቶ፣ ከለስላሳ መጠጥ ጋር በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይሸጣል። ባለሱቋ ጠና ያለች ነጭ ሴት ናት፤ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

“ለባልሽ ነው?”

“ባል የለኝም።”

“ታድለሽ። ታዲያ ለማን ነው?”

“ለራሴ ነው። ባስ ለመያዝ።”

“ብቻሽን?”

“ብቻውን ለሆነ ሰው አይሸጥም?”

ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም።

ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በማባበያ ተሸፍኗል፤ እነርሱ ሉር ይሉታል። ሲጎተት የሚሽከረከር የብረት ቅጠል ያለው አለ። ሆዱ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ይዞ እየጠለቀ የሚንቀጠቀጥ ጠንካራ የፕላስቲክ ዓሣ አለ። እግሩ ጭራሮ የመሰለ የጎማ እንቁራሪት አለ። እነዚህ ብዙ ውኃ በፍጥነት ለማሰስ ለሚፈልግ ሰው ይሆናሉ። ዳር ቆሞ ለሚወረውር ጀማሪ ግን ያነበብኩት ሁሉ የሚስማማው በለስላሳው የፕላስቲክ ትል ላይ ነው። ቀስ ተብሎ ይጎተታል፤ የመንጠቆው ጫፍ በትሉ ገላ ውስጥ ስለሚቀበርም ሣርና ግንድ አይዘውም። የዱባ ልጣጭ የመሰለ አረንጓዴውን አንድ ከረጢት በአምስት ዶላር ገዛሁ። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ዘንግ ከነክር መጠቅለያው አርባ ዶላር ነው። መንጠቆዎችና ጥይት የሚመስሉ ትናንሽ ማስመጫዎች ጨመርኩ።

“ቀስ በይ” አለችኝ ባለሱቋ ዕቃውን እያቀበለችኝ። “ሁሉም ጀማሪ ይቸኩላል።”

እኔ ቸኩዬ አላውቅም። ባለቤቴ የነበረው ሰው በክስ መልክ ካቀረባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር።

ሁቨር

ሐይቁ ኮሎምበስ ከሚጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚጠራቀምበት ነው። ከግድቡ አልፌ መኪናዬን አቆምኩና በድንጋይ የተደገፈውን ቁልቁለት ይዤ ወደ አንዲት ጠባብ ወሽመጥ ወረድኩ። ውኃው ከሰሞኑ ዝናብ የተነሣ ደፍርሶ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። አንዲት ዝይ ጫጩቶቿን አስከትላ ስታልፍ አፏን ከፍታ ፎከረችብኝ።

ክሩን በማስመጫው ቀዳዳ፣ ቀጥሎም በመንጠቆው ዓይን አሳለፍኩ። ቋጠሮ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ መራስ አለበት፤ በደረቁ የተሳበ ክር በራሱ ሙቀት ይዳከማል። የመንጠቆውን ጫፍ በትሉ አናት አስገብቼ ወዲያው በጎን አወጣሁ፤ አዙሬም መልሼ ገላው ውስጥ ቀበርኩት። ትሉ ቀጥ ብሎ መንጠልጠል አለበት። ከተጣመመ ውኃ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ዓሣውም ይጠራጠራል።

አወራወሩ በጽሑፍ ቀላል ነው። ክሩን በሌባ ጣት ይዞ የመጠቅለያውን የሽቦ ቅስት መክፈት፣ ዘንጉን ወደ ኋላ ወስዶ ወደ ፊት ሲመልሱ ጣትን መልቀቅ። ቶሎ ከለቀቁት ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ከዘገዩ እግር ሥር ይወድቃል። ሁለቱንም ደጋግሜ አረጋገጥኩ። አንዱ ትል ከነመንጠቆው ዛፍ ላይ ቀረ።

“ሐበሻ ነዎት አይደል፣ እትዬ?”

ባልዲ የያዘ፣ የፋብሪካ ጃኬት የለበሰ ሰው ከኋላዬ ቆሟል። ነኝ አልኩት። እትዬ ቢለኝም እኩያዬ ይመስላል።

“ከማዶ ሆኜ ነው ያወቅኩት። አወራወርዎ ውሻ የሚያባርር ሰው ነው የሚመስለው። ትል ልስጥዎት? ፍሬሽ ነው።”

“አመሰግናለሁ፤ የራሴ አለኝ። ፕላስቲክ ነው።”

“ፕላስቲክ?” ከረጢቱን አንሥቶ አየ። “እኔ እውነተኛውን እየጋበዝኳቸው ይንቁኛል፤ እርስዎ በላስቲክ ሊሸውዷቸው? ከያዙስ፣ ለጥብስ ነው?”

“ፎቶ አንሥቼ እለቀዋለሁ።”

“ሪሊዝ ያደርጉታል?” ከረጢቱን መለሰልኝ። “እንደሱማ ከሆነ ፎቶውን ከኢንተርኔት ዳውንሎድ አያደርጉትም? ጋዝም ይቆጥባሉ።”

ይህ መንገድ ለእኔም ታይቶኝ ነበር፤ ያልመረጥኩት ቀላል ስለሆነ ነው።

“እኔ እንኳ ዌርሃውስ ናይት ሺፍት ጨርሼ ነው የመጣሁት” አለ። “ቤት ከገባሁ ልጆቹ አያስተኙኝም። እዚህ ግን ዓሣውም አይቀሰቅሰኝም።”

ብቻዬን መሆን እንደምፈልግ በሚያስታውቅ አኳኋን ወደ ውኃው ዞርኩ። ገባው። ባልዲውን ይዞ ወደ ወሽመጡ ማዶ ተመለሰና ታጣፊ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ስሙን አልጠየቅኩም።

የወደቀው ግንድ

ፀሐይ ዛፎቹን ስታልፍ ሞቀኝ። ስልኬ ኪሱ ውስጥ ያለውን ጃኬት አውልቄ ቁልቁለቱ ላይ፣ ትሌን በወሰደው ዛፍ ቅርንጫፍ ሰቀልኩት። ያን ቀን የሠራሁት ስሕተት ይህ ነበር፤ ሲሠራ ግን ስሕተት አይመስልም ነበር።

ከዳር ወደ ውኃው የወደቀ ግንድ ነበር። ባስ ጥላና መደበቂያ ይወዳል። ትሉን ከግንዱ አሳልፌ ወረወርኩ፤ ክሩ እስኪላላ ድረስ እንዲሰምጥ ተውኩት። የዘንጉን ጫፍ ቀስ ብዬ አነሣሁ፣ ዝቅ አደረግኩ፣ የላላውን ጠቀለልኩ። እንደገና አነሣሁ፣ ዝቅ አደረግኩ፣ ጠቀለልኩ። ሥራው ይኸው ነው። ምንም በማይሆንበት ጊዜ ክሩን ከማየት አለመቦዘንን ይጠይቃል፤ ለዚህ ያለፉት ዓመታት በሚገባ አሠልጥነውኛል።

ቪዲዮዎቹ ባስ ትሉን ሲወስድ ጥፍር ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ሲያደርግ የሚመስል ነገር ይሰማል ይላሉ። እኔ የተሰማኝ የአንድ ነገር መጥፋት ነው። የማስመጫው ክብደት ከእጄ ላይ ጠፋ፤ ክሩ ማንም ሳይጎትተው ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። የላላውን ጠቅልዬ ዘንጉን በኃይል ወደ ላይ ሳብኩ። ዘንጉ ጎበጠ። ዓሣው አፉን በልቅጦ ራሱን እያራገፈ ከውኃው ወጣና ተመልሶ ገባ። ክሩን ላላ ሳላደርግ፣ ሳልቸኩልም፣ ወደ ዳር አመጣሁት።

ተንበርክኬ እጄን አራስኩ፤ አውራ ጣቴን አፉ ውስጥ ከትቼ የታች መንጋጋውን ያዝኩ። ጥርሶቹ ጥቃቅንና ሸካራ ናቸው፤ ሲወራጭ ጣቴን ፈገፈጉት። ከስንዝሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው፣ ዓይኑ ወርቃማ ዓሣ ነበር። መንጠቆውን ከከንፈሩ ጠርዝ አላቀቅኩት። ከዚያ ጃኬቴን ፈለግኩ፤ ከላይ፣ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሏል።

ዓሣውን ይዤ ተነሣሁና ሁለት እርምጃ ወጣሁ። ድንጋዩ ተንከባለለና ወደቅኩ፤ ዓሣውን ግን አልለቀቅኩም። ቁልቁለቱን ለመውጣት ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ዓሣው መተንፈሻ ስንጥቡን ከፍቶ ሲዘጋ አየሁትና መልሼ ውኃው ውስጥ አስገባሁት። ወደ ማዶ ተመለከትኩ። ሰውዬው አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ተኝቷል። “ወንድሜ” ብዬ ተጣራሁ። ለመጣራት ካልተጠቀምኩበት ረጅም ጊዜ የሆነው ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። ደግሜ ተጣራሁ። በስሙ ብጠራው ይነቃ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አንድ መንገድ ቀረ፤ ዓሣውን ድንጋዩ ላይ አጋድሞ ሮጦ ስልኩን ማምጣት። ልጄ እንዲህ ያለ ፎቶ ብታይ ምን እንደምትል አውቃለሁ። ቅዳሜዋን ትሰጠኝ ይሆናል፤ ሹካዋን አስቀምጣ ግን ታየኛለች። ጣቴን አላላሁ። ዓሣው ለአፍታ እንደያዝኩት ቆየ፤ ከዚያ ሄደ።

ሰውዬው ነቅቶ ወደ መኪናው ሲሄድ በእኔ በኩል አለፈ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ነበር።

“ያዙ እንዴ?”

“አንድ ያዝኩ።”

“የት አለ?”

“ለቀቅኩት።”

“ፎቶውስ?”

“የለም።”

ባልዲውን መሬት ላይ አኖረ። “ቆይ እትዬ፣ ይግባኝ። አልበሉትም፤ ፎቶም አላነሡትም። ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው የመጡት?”

ለምን እንደነገርኩት አላውቅም፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር ስለ ልጄ ነገርኩት። ቀልዱን ተወ።

“ይሄማ ቀላል ነው። ኮል ያድርጉላትና ያገናኙኝ፤ እኔ በዓይኔ አየሁ እላታለሁ።”

“ተኝተው ነበር።”

“እሷ ይሄን በምን ታውቃለች?”

ከአባቷ ጋር ስንለያይ ቤክስሊ ያለው ሳሎናችን ውስጥ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። እንደ ወጉ ሁለታችንም የሚናገሩልን ሰዎች አቀረብን። የእርሱ ሰዎች ስለ እኔ ልብ ቅዝቃዜ መሰከሩ፤ የእኔ ሰዎች ስለ እርሱ ግዴለሽነት መሰከሩ። ከመካከላቸው የተናገረውን ነገር በዓይኑ ያየ አንድም አልነበረም። ሻይ ቀረበ፤ ሁሉም በጨዋ አማርኛ ተናገረ። ሶልያና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። በአማርኛ መመለስ የተወችው ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ነው።

“አይሆንም” አልኩት። “ልጄ ስለ እኔ በቂ ምስክር ሰምታለች።”

“እሺ፣ ኖ ፕሮብሌም።” ባልዲውን አነሣ፤ ጥቂት ሄዶ ዞረ። “እኔ ግን እንደያዙ አምኛለሁ። ውሸታም ሰው ቢያንስ ትልቅ ነበር ይላል።”

ስሙን ጠየቅኩት። ተስፋዬ ይባላል።

ወደ ቤት

በዚያው መንገድ ተመለስኩ፤ ጎዳናው አሁን ሞልቷል። ዋይትሆል ስደርስ አንድ አውሮፕላን ከጣሪያዎቹ በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። ዘንጉን ወልውዬ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ጋር አስደገፍኩት፤ ቁመቱ ከሁሉም መደርደሪያ ይበልጣል። ከዚያ ጻፍኩላት፦ “ዛሬ ሁቨር ላይ አንድ ባስ ያዝኩ። ፎቶ የለኝም። መሬት ላይ ሳላስቀምጠው ማንሣት ስላልቻልኩ ለቀቅኩት።”

መልስ አልመጣም። ምሳዬን በልቼ ሳህኑን አጠብኩ። አንድ ሳህን ቶሎ ይታጠባል።

ጉዞው ያስተማረኝን ለመመዝገብ ተቀመጥኩ። ትል በዝግታ ይጎተታል። ቋጠሮ ይራሳል። ስልክ ዛፍ ላይ አይሰቀልም። ብቻውን የሚሄድ ሰው ያገኘውን ነገር ለሌላ ሰው ማድረስ አይችልም፤ የሰው ስም መጠየቅ ጨዋነት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም። እዚህ ላይ ማስታወሻዬን ልዘጋ ስል ስልኩ ጮኸ። የሶልያና መልእክት ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፦

“የአውራ ጣትሽን ፎቶ ላኪልኝ።”

ጣቴን አየሁ። ቆዳው ተፈግፍጎ ቀልቷል፤ መንጋጋው የነበረበት ቦታ ላይ ጥቃቅን ጭረቶች ተደርድረዋል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ከጠረጴዛው ሥር የተደበቀው ጣት ይህን ይመስል ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ መብራቱን አበራሁ፤ ጣቴን ዘረጋሁና ፎቶ አንሥቼ ላክኩላት።

ብዙ አልቆየችም። መልእክቱ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነበር፦

“ዓሣው ትንሽ ነበር። ቅዳሜ እመጣለሁ።”

ከአምስቱ ቃላት ሁለቱ በትክክል አልተጻፉም። አላረምኳትም።