የክርስትና ስም የሌላት ሴት

የክርስትና ስሟ ማን ነው?

እናቴ ይህን ከጠየቀችኝ ቆይቷል። መልሱን ዛሬም አላውቀውም።

ሴትዮዋ ያለችው በአንድ የስፔን ልቦለድ ውስጥ ነው። አገሯ ዝናብ የራቀው ደጋ ነው። የውሃ ጉድጓዱ ሲነጥፍ ልጇ ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕር ወረደ፤ ሳይመለስ ሲቀር እሷም ተከተለችው። መንገድ ላይ ሞተች። ያገኟት መንገደኞች ቀበሯትና ጉዟቸውን ቀጠሉ። ደራሲው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በስም አይጠራትም። "ሴትዮዋ" ይላታል፣ በቃ።

አዲስ አበባ ውስጥ ስፓኒሽ አስተምራለሁ፤ ምርምሬም በዚህች ሴት ላይ ነው። ስሟን ለምን ነፈጋት? ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ወደ ትምህርቱ የሚመጡት በኳስ ፍቅር ነው። መጽሐፉን ሳስተምር አንዱ እጁን አወጣና፣ "ቲቸር፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያለ ተጫዋች እንኳ ማልያው ላይ ስም አለው። እሷ ምን አጥፍታ ነው?" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጽሑፌ እዚያው ጥያቄ ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ብሎኝ ነበር።

በዚያ ክረምት ወረቀቶቼን ይዤ ሰቆጣ፣ እናቴ ዘንድ ገባሁ። መቀመጥ አልሆነልኝም። አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ ተነስቼ እስከ ገበያው እወርዳለሁ፣ ምንም ሳልገዛ እመለሳለሁ። ባለ ባጃጆቹ ሳይቀሩ ለይተውኝ "ዛሬም በእግር ነሽ?" ማለት ጀመሩ።

እናቴ ምስር እየለቀመች ስታየኝ ቆየች። "አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?"

"ሥራ ነው፣ እማ።"

"የምን ሥራ ነው ሰው የሚያዞር? እስቲ ንገሪኝ።"

ነገርኳት። በስፓኒሽ ያነበብኩትን በቤታችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ቃል እየመረጥኩ፣ የመረጥኩትን መልሼ እየጣልኩ። ተረት ሲወራ ተረት መሆኑ አስቀድሞ የሚነገርበት መክፈቻ አለ። እሱን ዘለልኩት። ልቦለድ ተረት አይደለም ብዬ ዓመት በዓመት ክፍል ውስጥ የምከራከር ሰው እንዴት ብዬ? በእኛ ቤት ግን ያለዚያ መክፈቻ የተነገረ ነገር ሁሉ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ይህ ትዝ ያለኝ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ነው።

"ማን ጸለየላት?" አለች።

"ማንም።"

"የክርስትና ስሟ ማን ነው? ያለ እሱ ቄሱ አያነሷትም።"

"አይታወቅም።"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የምታጠኛት? ስሟን ሳታውቂ ምኗን አጠናሽው?"

ያን ጊዜ ብናገር ይቀል ነበር። አልተናገርኩም። ፊደል የቆጠርኩት ትዳሬን ትቼ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ወገቤ ላይ ከማይደርሱ ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። ዝቋላ፣ እዚያው ዋግ ያለው ዘመድ ሁሉ ሲፈርድብኝ፣ "ተዉአት፣ ቁም ነገር ይዛ ትመጣለች" ብላ የተከራከረችልኝ እሷ ናት። ታዲያ ቁም ነገሩ ያልነበረች ሴት ናት ልበላት?

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ በደወልኩ ቁጥር ከሰላምታው በፊት "ተገኘ?" ትለኛለች። አንድ ቀን ጎረቤታችን ስልኩን ነጥቃ፣ "ኧረ በማርያም ስሟን ፈልጊላት፣ እኛንም አሳበደችን!" አለች። እናቴ ጠዋት ጠዋት፣ ጉልበቷን እያመማት፣ ለሴትዮዋ ነፍስ ትሰግዳለች አሉኝ። እኔም ፈለግሁ። ያስቃል፣ ግን ፈለግሁ፤ ከደራሲው ረቂቆች በአንዱ የተሰረዘ ስም ይኖር ይሆናል ብዬ። የለም። ከፍለጋው ወደ ማስተማሩ፣ ከማስተማሩ ወደ ፍለጋው ስል ጽሑፌም እኔም ውለን የምናድርበት ጠፋን።

ባለፈው ክረምት ሰቆጣ ስገባ ግድግዳው ሥር ማሽላ የሞላ ማዳበሪያ ቆሞ አገኘሁ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ለሴትዮዋ ዝክር ላወጣላት ነው። ስም ባይኖራትም 'መንገድ የቀረችው' ተብላ ትዘከር። ነገ ወፍጮ ቤት ይሄዳል።"

ዝናቡ ዘግይቶ የገባበት ዓመት ነበር። ማዳበሪያውን አየሁት። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ እንደገና ተቀመጥኩ።

"እማ፣ ሴትዮዋ የለችም።"

"ሞታለች። ነግረሽኛል እኮ።"

"አልነበረችም። ሰው ነው ከልቡ አውጥቶ የጻፋት።"

"ልጇስ?"

"እሱም።"

"የቀበሯትስ?"

"እነሱም።"

"ውሸታም!" አለች፤ እኔን ይሁን ደራሲውን አልለየሁም። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ያልነበረች ሴት ስትፈልጊ ነው የኖርሽው?"

"አዎ።"

"እኔም ላልነበረች ሴት ስሰግድ።"

"አዎ፣ እማ።"

ከማዳበሪያው አፍ ጥቂት ማሽላ ዘገነች፣ አየችው፣ መልሳ አፈሰሰችው። ጉልበቷን በመዳፏ እያሸች ብዙ ቆየች። ያን ያህል ጊዜ ሳልነሳ ተቀምጬ አላውቅም።

"የሰገድኩት ሜዳ ላይ አይቀርም" አለች በመጨረሻ። "ላንቺ ይሁን። እንዲህ ስትዞሪ መንገድ እንዳትቀሪ። ያንቺን የክርስትና ስም አውቀዋለሁ።"

ተነስታ ማዳበሪያውን በአንድ ወገን ያዘች።

"በዚያ በኩል ያዢው፤ ወደ ጎታው እንመልሰው።"