ከሳጥኑ ጀርባ ያየሁት የጣት አሻራ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን አባባል እንደ እኔ ያመነበት ሰው የካ አባዶ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ አራተኛ ፎቅ ላይ ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት የበሩን ቁልፍ ማስቀየር ነበር። ኮምፒውተሬን እንኳ ብዙ ሰው በማያውቀው በሊኑክስ ሲስተም የማሠራው ከጥርጣሬ የተነሳ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ሲስተም ቫይረስ አያጣውም፣ ማን ምን እንደሚያይበትም አይታወቅም እያልኩ። ጊዜውም አግዞኛል። አንድ ለአምስት እየተባለ ጎረቤት ከጎረቤት የሚደራጅበት ዘመን ስለነበር፣ ደረጃ ላይ ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ ‹ይሄስ የማን ነው?› እል ነበር።

ኮምፒውተሩ የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበር ማለት ይቻላል። እናቴ ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ በኦሮምኛ በሚሰበክበት የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ለዓመታት አምልካለች። ጉልበቷ ሲከዳት ግን አራት ፎቅ ወርዶ መውጣት አቃታት፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። «ጉልበቴን የበላው እንጦጦ ነው» ትላለች፣ በልጅነቷ ከዚያ ጭራሮ ተሸክማ ትወርድ ስለነበር። ስለዚህ ሊኑክስ የጫንኩበትን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁላት። ቪዲዮ ማጫወት ሲከብደው ምስል የሚያቀነባብርለት ያገለገለ የግራፊክስ ካርድ ገዝቼ ጨመርኩበት። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር የቤተ ክርስቲያኗ ምእመን፣ በእኔ ዕድሜ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የእሁዱን ስብከት እየቀረጸ በፍላሽ ያመጣላት ጀመር።

ጥቂት ሳምንታት በደህና ሠራ። ከዚያ ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ፤ ድምፁ ጭራሽ ጠፋ። ሰባኪው አፉን እንደከፈተ ይቀራል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ድራይቨሩን ነው። ድራይቨር ማለት በሲስተሙና በካርዱ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ፕሮግራም ነው፤ አስተርጓሚው ከተሳሳተ ሁለቱ አይግባቡም። ቤት ኢንተርኔት ስላልነበረን አዲሱን ከቢሮ አውርጄ አመጣሁና አሮጌውን አጥፍቼ ጫንኩት። ለውጥ የለም። አዲሱን አጥፍቼ አሮጌውን መለስኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ አንድ ቅዳሜ የነበረውም ጠፍቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። እናቴ ከኋላዬ ተቀምጣ «ተወው ልጄ፣ መጽሐፍ ቅዱሴን አነባለሁ» ስትለኝ፣ «ዝም በይ እማዬ፣ አታስቸኩዪኝ!» ብዬ ጮህኩባት።

ጥቁሩን ስክሪን በስንት መከራ ባስተካክለውም፣ የሚያናድደው ሌላ ነበር። ሲሠራ አይቼው የተኛሁት ነገር በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ተበላሽቶ ይጠብቀኛል። አንዳንዴ ምንም ሳልነካው ተሽሎት አገኘዋለሁ። ድራይቨር እንዲህ አያደርግም። ካርዱን የሸጠልኝን ሰው ጠረጠርኩ። በመጨረሻ የኮምፒውተሩን ሳጥን ከግድግዳው ሳብ አድርጌ ጀርባውን ሳየው፣ አቧራው ላይ የጣት አሻራ አለ። እኔ ጀርባውን ከነካሁት ሰንብቻለሁ፤ ድራይቨር የሚጫነው በኪቦርድ ነው። ገመዶቹን አየኋቸው፤ ሁሉም ተሰክተዋል። ከዚያ ያለፈ ነገር አልመረመርኩም።

«ማነው የነካው?» አልኳት እናቴን።

«ማን ይነካዋል?» አለችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።

እኔ ሳልኖር ቤታችን የሚገባው ጎረቤታችን ብቻ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ከእኔ ቀድሞ ያደርሰዋል። እንደውም ሁለቱ በኦሮምኛ ሲጫወቱ ቆይተው እኔ ስገባ ዝም ማለት ጀምረው ነበር። በአባቴ አማርኛ ስላደግሁ ከሚያወሩት የምሰማው ግማሹን ነው፤ የቀረውን ከራሴ እሞላዋለሁ። ፍላሹ ላይ ያለው ስብከት ብቻ ነው? አንድ ቀንስ ስለ ሊኑክስ ለምን ጠየቀኝ?

አንድ ሰኞ ከመገናኛ ታክሲ ቶሎ አግኝቼ ቀድሜ ደረስኩ። በሩን ስከፍት ጎረቤታችን ተንበርክኮ እጁን ከሳጥኑ ጀርባ ሰዷል።

«እጅ ከፍንጅ ያዝኩህ!» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። «ሰው ቤት ገብተህ ምን ትቆፍራለህ? ማነው የላከህ?»

ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና እናቴን አያት። እናቴ አንገቷን ደፋች።

«ይቅርታ፣ ሁለተኛ አልነካውም» አለኝ።

«ሁለተኛ ቤቴም አትምጣ!» ብዬ በሩን ዘጋሁበት። እሱ ከሄደ በኋላ ኮምፒውተሩን ስከፍተው እንደ ጉድ ይሠራል። ይህንንም ‹ሲያዝ ደንግጦ ያበላሸውን መልሶት ነው› ብዬ ተረጎምኩት።

ስብከት የሚያመጣ ጠፋ። እሁድ እሁድ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ጥቁሩ ቴሌቪዥን ፊት ትቀመጣለች። «ሌላ ሰው እፈልግልሻለሁ» ብላት ነጠላዋን ማስተካከል ያዘች።

በሦስተኛው እሁድ ከሰዓት መኝታ ቤት ጋደም እንዳልኩ መብራት ሄደ። ሳሎን ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁና ገርበብ ባለው በር አየሁ። እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ፍሪጁን ነቀለች፣ ቴሌቪዥኑን ነቀለች። ከዚያ በዚያ በማይታጠፍ ጉልበቷ እንደምንም ተንበርክካ ከሳጥኑ ጀርባ ያለውን ሁሉ፣ ምስሉንም ድምፁንም የሚያደርሰውን ገመድ ሳይቀር ነቀለች። መብራት ሲመጣ ትንሽ ቆይታ አንድ በአንድ መመለስ ጀመረች። የምስሉ ገመድ የሚገባባቸው ሁለት ተመሳሳይ ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ የካርዱ ነው፣ ሌላው በካርዱ የማያልፍ የዋናው ቦርድ። እሷ በዳሰሳ የቀረባት ውስጥ፣ በቦርዱ ሰካችው፤ ምስሉ የሚቆራረጠው፣ ድምፁም የሚጠፋው ያኔ ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ ጤነኛ ድራይቨር ሳጠፋና ስጭን የከረምኩት ለዚህ ነበር።

መንቀልን ያስተማርኳት እኔው ነኝ። በፊት ተከራይተን በነበረበት ቤት መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጃችን ተቃጠለ፤ ያን ቀን «መብራት ሲሄድ ገመድ የተባለ ሁሉ ይነቀል አላልኩም!» ብዬ ቤቱን አናግቼዋለሁ። ኮምፒውተሩን ሳስገባ ደግሞ «ይሄን እንዳትነኪ» አልኳት። ሁለቱን ትእዛዝ እንዴት አንድ ላይ እንደምትፈጽም አላሰብኩም።

«እማዬ» አልኳት።

ደንግጣ ዞረች። «እኔ አልነካሁትም» አለችኝ። የመብራቱ ገመድ ገና እጇ ላይ ነበር።

ክው አልኩ። እናቴ እንደምትፈራኝ እስከዚያ ቀን አላወቅሁም።

በነጠላ ጫማ ሦስተኛ ፎቅ ወረድኩ። ጎረቤቴ በሩን ከፍቶ ፊቴን ሲያይ፣ ይቅርታዬን እንኳ ሳይጠብቅ «ተቆጣሃት እንዴ?» አለኝ።

«አልተቆጣኋትም። እያወቅህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ቃል አስገብታኝ ነው። የምትጠራኝ አንተ ሳትመጣ ገመዱን እንዳስተካክልላት ነበር» አለኝ። «ወንድሜ፣ ድምፅህ እኮ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።»

አላሾፈብኝም፤ ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር። «ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት።

በሚቀጥለው እሁድ ፍላሹን ይዞ መጣ። ትክክለኛውን ቀዳዳ ዙሪያውን ቀይ የጥፍር ቀለም ቀብቼዋለሁ። ምስሉ ጥርት ብሏል፤ እናቴ በሰባኪው ወሬ ትስቃለች፣ እኔ «ምን አለ?» እላለሁ፣ ጎረቤታችን ይተረጉምልኛል። መሃል ላይ መብራት ሄደ። እናቴ እንደ ልማዷ ልትነሳ ወንበሩን ተደገፈችና ቆም ብላ አየችኝ።

«ልንቀለው?» አለችኝ።

ጎረቤታችን ወደ መሬት አየ።

«ንቀዪው እማዬ» አልኳት፣ የቻልኩትን ያህል ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እሷ ግን ወዲያው አልተነሳችም። ከልቤ መሆኑን ለማወቅ ፊቴን እያጠናች ነበር።